«ላስተምርህ፣ አገልግለኝ»፦ ስለ ስኮላርሺፕ ውል ለአንባቢያን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር የጥያቄ ሣጥናችንን የሞላው አንድ ጉዳይ ነው፦ መንግሥት በሳይንስ፣ በቴክኖሎጂ፣ በምህንድስናና በሒሳብ የሚማሩትን ወጪ ሸፍኖ ተመራቂዎቹን ለተወሰኑ ዓመታት በመንግሥት ሥራ የሚያስርበት ውል። ደብዳቤዎቹ የመጡት ከአምስት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮ ነው። ከጸሐፊዎቹ ተማሪዎችና ወላጆች ይገኙበታል፤ ዋስ ሆነው ስጋት የገባቸው ዘመዶችም አሉ። ብዙዎቹ የሚጠይቁት ስለ ገንዘቡ መጠን ነው። እኛ ግን ደጋግመን ወደ ወረቀቱ እንመልሳችኋለን። አራት ዓመት ሙሉ ያገለገለ ሰው፣ ማገልገሉን የሚያሳይ ደብዳቤ ማቅረብ አቅቶት ባለዕዳ ሲባል ያማል። ይህ ደግሞ አስቀድሞ ሊከለከል የሚችል ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት የውሃ መሐንዲስ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ደመወዜን ሳያቋርጥ ሁለተኛ ዲግሪ እንድማር ፈቅዶልኛል። የሰው ሀብት ክፍሉ ሦስት ገጽ ውል ሰጥቶ «ዛሬውኑ ፈርመህ አምጣ» ብሎኛል። ምን ምኑን ልመልከት? — ከአምስት ኪሎ

መልስ፦ ዛሬ አትፈርም። የሚያጣድፉህ አብዛኛውን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ ስለደረሰ ነው፤ አንድ ሌሊት ይዘኸው ብታድር የሚቀርብህ ነገር የለም። ፎቶ ኮፒ አንሥተህ በእርሳስ እያሰመርህ አንብበው።

ከሁሉ አስቀድመህ የአገልግሎቱን ሒሳብ ፈልግ። አንዳንዱ ውል ለአንድ ዓመት ትምህርት አንድ ዓመት ይላል፣ አንዳንዱ ሁለት። የሁለት ዓመት ማስተርስ በመጀመሪያው ሒሳብ 24 ወር ያስራል፣ በሁለተኛው 48 ወር። ከዚያ ቃላቱን በጥንቃቄ አንብብ፤ «በትምህርት ላይ ለቆየበት ጊዜ» እና «ለትምህርቱ ለተፈቀደው ጊዜ» ለጆሮ አንድ ይመስላሉ። የላብራቶሪ ወይም የመስክ ናሙና ያለበት ቴሲስ ስድስት ወር መጓተቱ የተለመደ ነው። አንድ ለሁለት በሆነ ውል የመጀመሪያው ሐረግ ካለ፣ የስድስት ወሩ መዘግየት 12 ወር አገልግሎት ይጨምርብሃል፤ ሁለተኛው ካለ ምንም አይጨምርም። ይህን አንድ ሐረግ ለማስቀየር ብቻ ብትከራከር ያዋጣሃል።

ቀጥሎ ቆጠራው መቼ እንደሚጀምር እይ። ቴሲስህን የተከላከልክበት ቀን፣ የተመረቅክበት ቀንና ወደ ሥራ የተመለስክበት ቀን ሦስት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በተለምዶ የሚቆጠረው መሥሪያ ቤቱ «ወደ ሥራ ተመልሷል» ብሎ ከጻፈበት ቀን ነው። ስለዚህ ምርቃቱን አትጠብቅ። ዲፌንስ እንዳለፍክ ከትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ አጽፍ፣ ማመልከቻ አያይዝና በመዝገብ ቤት በኩል አስገባ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ይዘህ ሂድ፤ በእጅህ በሚቀረው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ የገቢ ቁጥሩና ቀኑ እንዲሰፍር አድርግ። ለኃላፊው ቢሮ ገብተህ በእጅ የሰጠኸው ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ የለም ቢባል የምትከራከርበት ነገር አይኖርህም። ማኅተም ያለበት ቅጂ ግን ራሱ ይመሰክራል።

ቀኖቹ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፉም ተመልከት። «2018» ብቻ ተብሎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ካልተጻፈ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። በተለይ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አባሪ ሲሆን ይህ ስሕተት ይበዛል።

ሦስተኛው ጉዳይ የዕዳው ዝርዝር ነው። «መሥሪያ ቤቱ ያወጣውን ወጪ ሁሉ» የሚል ብቻ ከሆነ በብር እንዲዘረዘር ጠይቅ። የትምህርት ክፍያው፣ የምርምር ድጋፉ፣ የመጻሕፍት አበሉ፣ ከሁሉም በላይ በትምህርት ላይ ሳለህ የሚከፈልህ ደመወዝ በዕዳው ውስጥ ይግባ አይግባ በግልጽ መጻፍ አለበት። ብዙ ሰው ዕዳ ሲባል የዩኒቨርሲቲው ክፍያ ብቻ ይመስለዋል። የሁለት ዓመት ደመወዝ ሲደመር ግን ከክፍያው በብዙ ይበልጣል።

«መሥሪያ ቤቱ በሚመድበው ማንኛውም ቦታ» የሚል ሐረግ ካለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ተማርክ ማለት አዲስ አበባ ውስጥ ታገለግላለህ ማለት እንዳልሆነ እወቅ፤ ቅርንጫፍ ጣቢያ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም ውሉ መመዝገቡን አረጋግጥ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1724 መሠረት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። ዛሬ ያ ማለት ውልና ማስረጃ ሄዶ መፈረም ነው። ከተፈረመው አንድ ኦሪጅናል በእጅህ ይቅር።

ጥያቄ፦ የዳታ ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቴ አስተምሮኝ 48 ወር ለማገልገል ፈርሜያለሁ። 30 ወር አገልግያለሁ፤ አሁን የግል ድርጅት ጠርቶኛል። ሁሉንም ልክፈል ወይስ የቀረውን? — ከሜክሲኮ አካባቢ

መልስ፦ የሚወስነው ውልሽ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፤ «በቀሪው ጊዜ ልክ» ይላል ወይስ «ጠቅላላ ወጪውን»?

በምሳሌ እንየው። የትምህርት ክፍያ 96,000 ብር፣ የ24 ወር ደመወዝ በወር 14,000 ሒሳብ 336,000 ብር፣ የምርምር ድጋፍ 48,000 ብር ወጥቶብሻል እንበል። ድምሩ 480,000 ብር ነው። ይህን ለ48 ወር ብናካፍለው እያንዳንዱ የአገልግሎት ወር 10,000 ብር ያወርድልሻል። 30 ወር ስላገለገልሽ 300,000 ብሩ ወርዷል፣ የቀረው 18 ወር 180,000 ብር ነው። ውሉ «በቀሪው ጊዜ ልክ» ካለ የምትከፍዪው ይህን ነው።

«ጠቅላላ ወጪውን» የሚል ከሆነ መሥሪያ ቤቱ 480,000 ብሩን በሙሉ ሊጠይቅሽ ይችላል። ቢሆንም በሕግ በር አልተዘጋም። በውል አስቀድሞ የተቆረጠ መቀጫ ባለዕዳው ግዴታውን በከፊል ከፈጸመ ዳኞች ሊቀንሱት እንደሚችሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1893 ይናገራል። 30 ወር በከፊል መፈጸም ነው። ለዚህ ግን 30 ወሩን በማስረጃ ማሳየት አለብሽ፤ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር፣ ወደ ሥራ የተመለስሽበት ደብዳቤና የሥራ ልምድ ማስረጃ ያስፈልጋል።

ወሩን ስትቆጥሪ ያለ ደመወዝ ፈቃድ የወጣሽበትን ጊዜ ቀንሺ። የዓመት ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ ግን ደመወዝ የሚከፈልባቸው፣ ከሥራ ያልተለየሽባቸው ጊዜያት ናቸው፤ ማንም ከሒሳብሽ ቢያወጣቸው በጽሑፍ ተቃወሚ።

አካሄዱ እንዲህ ይሁን፦ መልቀቂያ ከማስገባትሽ በፊት «ያገለገልኩበት ጊዜና ቀሪ ዕዳዬ ተሰልቶ በጽሑፍ ይገለጽልኝ» ብለሽ በመዝገብ ቤት አመልክቺ። መልሱን ከራስሽ ሒሳብ ጋር አስተያዪ። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻልሽ በየወሩ ለመክፈል ስምምነት ይጻፍ፤ ካልተጻፈ በዘገየው ገንዘብ ላይ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ሊታሰብብሽ ይችላል። ከፍለሽ ደረሰኝ ስትቀበዪ ሁለት ደብዳቤ ሳትይዢ አትውጪ፤ አንዱ የአንቺ መልቀቂያ ነው፣ ሌላው ዋስሽ ከኃላፊነት ነጻ መሆኑን የሚገልጽ። ሁለተኛው ደጋግሞ ይረሳል።

ሳያሳውቁ ሥራ ጥሎ መሄድ ከሁሉ የከፋው መንገድ ነው። መልቀቂያ ስለማይኖርሽ ቀጣዩ መሥሪያ ቤት ልምድሽን አይቆጥርልሽም፤ ዕዳው ደግሞ በይርጋ የሚታገደው ከ10 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚጠሩት ዋስሽን ነው።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ ለስኮላርሺፕ ውል «አክስቴ፣ ዋስ ሁኚኝ» ብሎኛል። ልጁ ጨዋ ነው፣ እምቢ ማለት ከበደኝ። ባለቤቴ ግን ደስ አላለውም። ምን ትመክሩኛላችሁ? — ከፒያሳ

መልስ፦ የልጁ ጨዋነት ጥሩ ነው፤ እርስዎ የሚፈርሙት ግን ልጁ ቢታመም፣ ሐሳቡን ቢቀይር ወይም ውጭ ሄዶ ቢቀር ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ነው። ባለቤትዎ ቅር ማለታቸውን እንደ ቀላል አይዩት። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ከባልና ሚስት አንዱ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የሌላውን ስምምነት ማግኘት አለበት። ውልና ማስረጃ ላይ የጋብቻ ማስረጃ የሚጠየቀው፣ ያላገባውም «ያላገባ» የሚል ማስረጃ ከወረዳው ወሳኝ ኩነት እንዲያመጣ የሚደረገው ለዚህ ነው። እሳቸው ሳይስማሙ ከተፈረመ ባወቁ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተገባ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ከባለቤትዎ ጋር ተቀምጠው ይነጋገሩ፤ ከተስማሙ አብረው ይሂዱ።

ከዚያ የዋስትናውን ሰነድ ያንብቡ። በገንዘብ ጣሪያው ይጀምሩ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን እንዲገለጽ ያዛል፤ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም። ቦታውን ባዶ ትተው «በኋላ እንሞላዋለን» ቢሉዎት አይፈርሙ። ከብሩ መጠን ጎን በፊደልም ይጻፍ፤ 200,000 ላይ አንድ ዜሮ ለመጨመር ብዙ ቀለም አይፈጅም።

ሁለተኛው የዋስትናው ዓይነት ነው። «በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነኝ» የሚል ሐረግ ካለ (ቁጥር 1933) መሥሪያ ቤቱ ልጁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እርስዎን ሊከስ ይችላል። ይህ ሐረግ ከሌለ ግን «መጀመሪያ የባለዕዳው ንብረት ይፈለግ» ብለው መከራከር ይችላሉ። በታተሙት ቅጾች ላይ ሐረጉ አስቀድሞ ስለሚገባ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ማስወጣት ባይቻልም ምን እንደፈረሙ አውቀው ይፈርሙ።

ሦስተኛ፣ ዋስትናው መቼ ያበቃል? «ተማሪው ግዴታውን እስኪፈጽም» የሚለው የተለመደ ነው። ከጣሪያው ጋር «ኃላፊነቴ ባገለገለው ወር ልክ እየቀነሰ ይሄዳል» የሚል አንድ መስመር ቢያስገቡ ትልቅ ጥበቃ ነው። 200,000 ብር ዋስ ሆነው ልጁ ከ48 ወር 36ቱን ካገለገለ በእርስዎ ላይ የሚቀረው 50,000 ብር ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ይቀበሉታል። መጠየቁ አያሳፍርም።

ተቀጣሪ ከሆኑ ከመሥሪያ ቤትዎ የደመወዝዎ መጠን የተገለጸበት ደብዳቤ ይጠየቃሉ። ለባንክ ብድር ወይም ለሌላ ዘመድ ዋስ ሆነው ከሆነ ደብዳቤው ላይ ስለሚወጣ አስቀድመው ይናገሩ። ውልና ማስረጃ ሲሄዱ የታደሰ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የጋብቻ ማስረጃና የውሉን ቅጂዎች ይያዙ። በመታወቂያዎና በደመወዝ ደብዳቤዎ ላይ ያለው ስም ልዩ ከሆነ፣ በአንዱ «ወልደ ማርያም» በሌላው «ወ/ማርያም» ቢል እንኳ፣ ከሰልፉ ሊመልሱዎት ይችላሉ፤ ከቤት ሳይወጡ ያመሳክሩት።

ነገ ከነገ ወዲያ ከፍለው ቢገኙ የከፈሉትን ከልጁ የማስመለስ መብት አለዎት። ለዚያ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይቆረጥ። ዘመድ ነው ብለው በልጁ ስም ካስቆረጡት በኋላ እርስዎ መክፈልዎን ማስረዳት ይቸግራል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬያለሁ። በየወሩ የወጪ መጋራት ይቆረጥብኛል። ይህ ሲያልቅ የአገልግሎት ግዴታዬም ያበቃል?

መልስ፦ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ወጪ መጋራት (ኮስት ሼሪንግ የምንለው) ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለምግብ፣ ለመኝታና ለትምህርቱ ወጪ ከፊል በየዓመቱ የሚፈርመው የገንዘብ ዕዳ ነው። የትም ብትሠራ፣ በግልም በመንግሥትም፣ ትከፍለዋለህ፤ ቀጣሪህ ከደመወዝህ 10 በመቶ እየቆረጠ ለገቢዎች ያስገባል። በመምህርነት የሠለጠኑ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ በማስተማር እንዲከፍሉ ሥርዓቱ ይፈቅዳል። የአገልግሎት ውል ግን ከተወሰነ መሥሪያ ቤት ጋር ለብቻው የተፈረመ የዓመታት ግዴታ ነው። አንተ እንዲህ ያለ ውል ካልፈረምክ ያለብህ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

በመቆረጡ ብቻ ግን አትተማመን። ከደመወዝህ ተቆርጦ በስምህ ያልገባ ገንዘብ ዕዳህን አይቀንስም። ስሕተቱ የሚፈጠረው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ወይም በስም አጻጻፍ ነው፤ ፀጋዬ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። በየስድስት ወሩ ከፋይናንስ ክፍል የተቆረጠውንና ገቢ የሆነውን ዝርዝር ጠይቅ። ሲያልቅ የገቢዎች ክሊራንስ ይዘህ ኦሪጅናል ዲግሪህን ትወስዳለህ። በየዓመቱ የፈረምካቸው ቅጾች ቅጂ ከሌሉህ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ጠይቅና ድምሩን አመሳክር፤ ያልተጠቀምክበት የመኝታ ክፍያ ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሜሪላንድ ከእናቷ ዘንድ ናት። ኮምፒውተር ሳይንስ ልትማር ነው፤ ግሪን ካርድ አላት፣ ዜግነት ገና ነው። የአሜሪካ መንግሥት አስተምሮ ሥራ የሚሰጥበት ስኮላርሺፕ አለ ብላኛለች። እውነት ነው? እኔስ እዚህ ሆኜ ምን ልረዳት? — አባት፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ከአንድ በላይም አለ። መጀመሪያ የትኛው በር እንደተከፈተላትና የትኛው እንደተዘጋባት ይለዩ።

ስማርት የሚባለው የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ሙሉ የትምህርት ክፍያና እንደ ዲግሪው ደረጃ በዓመት ከ30,000 እስከ 46,000 ዶላር የኑሮ አበል ይሰጣል። ለአንድ ዓመት ድጋፍ አንድ ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፣ በየክረምቱ የልምምድ ሥራም አለው። አመልካቹ ግን የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የብሪታንያ፣ የአውስትራሊያ ወይም የኒውዚላንድ ዜጋ መሆን አለበት። ለጊዜው ለልጅዎ አይሆንም። ዜግነት ስታገኝ ማመልከቻው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ (በፈረንጆቹ) እንደሚከፈት ታስታውስ።

ሳይበርኮር የሚባለው ለእሷ ይቀርባል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያዎችን ለመንግሥት የሚያፈራ ሲሆን ግሪን ካርድ ያለውን ይቀበላል። የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ በዓመት 27,000፣ ለድኅረ ምረቃ 37,000 ዶላር አበል አለው፤ እስከ ሦስት ዓመት ይደግፋል። የሚያመለክቱት ለመንግሥት ሳይሆን ፕሮግራሙ ላለበት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለዚህ ኮሌጅ ከመምረጧ በፊት «ፕሮግራሙ አላችሁ?» ብላ ትጠይቅ፤ ገብታ ከተማረች በኋላ ቢጠየቅ ረፍዷል።

እዚህ ላይ ያለው ጉድጓድ ግን በደንብ ይታወቅ። ትምህርቱ ለግሪን ካርድ ተፈቀደ ማለት ሥራው ተፈቀደ ማለት አይደለም። አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ይጠይቃል። ተመርቃ ሥራ ፈልጋ ማግኘት የእሷ ኃላፊነት ነው፤ የተሰጣት ጊዜ 18 ወር ነው፣ ካላገኘች ወይም ካቋረጠች የተሰጣት ገንዘብ ወለድ ወደሚታሰብበት የተማሪ ብድር ይለወጣል። በ2025 እ.ኤ.አ. የፌዴራል ቅጥር በቆመ ጊዜ ዜጎች የሆኑ ተመራቂዎች እንኳ ተቸግረዋል። ስለዚህ የዜግነቱን ቀን አስልታ ትግባ። ግሪን ካርድ ካገኘች አምስት ዓመት ሲሞላ ለዜግነት ታመለክታለች፤ ማመልከቻውን አምስቱ ዓመት ሊሞላ 90 ቀን ሲቀር ማስገባት ይቻላል። ይህ ቀን ከምርቃቷ በፊት የሚውል ከሆነ እንመክራለን። ከምርቃቷ ሁለት ዓመት በኋላ የሚውል ከሆነ ግን አንመክርም፤ አበሉ የሚያጓጓ ቢሆንም ዕዳው የሚወድቀው በእሷ ትከሻ ነው።

ማስተማር የምትወድ ከሆነ ኖይስ የሚባለው አለ። በሳይንስና በሒሳብ የሚማሩትን ደግፎ መምህር ባጡ ወረዳዎች ያሰማራል፤ ለአንድ ዓመት ድጋፍ ሁለት ዓመት ማስተማር ይጠይቃል። ቲች የተባለው ደግሞ በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ሰጥቶ በስምንት ዓመት ውስጥ አራት ዓመት ማስተማርን ያስገድዳል። በዚህ በሁለተኛው ላይ የደረሰው ለሁሉም ትምህርት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ መምህራን በእርግጥ እያስተማሩ ሳለ፣ በየዓመቱ የሚሞላውን ማረጋገጫ ቅጽ በማዘግየታቸው ወይም በጉድለት በመሙላታቸው ድጋፉ ወደ ብድር ተለወጠባቸው። ማስተካከያ የመጣው ከዓመታት አቤቱታ በኋላ ነው። ልጅዎ ከገባች ቅጹ የሚሞላበትን ቀን በስልኳ ላይ ትመዝግብ፣ የላከችበትን ማስረጃም ታስቀምጥ።

እርስዎ ከዚህ ሆነው የሚረዷት በመረጃ ነው። ዜግነት አግኝታ የደኅንነት ማጣሪያ የሚጠይቅ ሥራ ካመለከተች ውጭ ሀገር ያሉ የቅርብ ዘመዶቿን ሁሉ ትጠየቃለች፤ የእርስዎን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻና የሥራ ቦታ መሙላት አለባት። አዲስ አበባ አባት መኖሩ በራሱ አያስከለክላትም፤ የሚያስከለክለው መደበቅ ወይም የተጋጨ መረጃ ነው። የልደት ቀንዎን በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው አድርገው ይላኩላት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያውቁትን በግምት እየለወጣችሁ አትጻፉ። ስሟም «የአባት ስም» የሚለው እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚያዝ፣ በልደት ሰርተፊኬቷና በግሪን ካርዷ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ከአሁኑ ይዩ።

ጥያቄ፦ ውል ፈርሜ በባዮሜዲካል ምህንድስና ተመረቅሁ። መሥሪያ ቤቱ «የሥራ መደብ የለም፣ ጠብቅ» ካለኝ ሰባት ወር ሆነኝ። ሌላ ቦታ ብቀጠር ውል አፈረሰ ይሉኛል?

መልስ፦ ዝም ብለህ ከሄድክ ሊሉህ ይችላሉ። በጽሑፍ ከጠየቅህ ግን ግዴታውን ያልፈጸመው ማን እንደሆነ ይለያል። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ይጠይቃል (ቁጥር 1772)። አንድ ገጽ ይበቃሃል፦ የውሉን ቀንና ቁጥር፣ የተመረቅህበትን ቀን፣ ለሥራ ዝግጁ መሆንህን፣ በዚህን ያህል ቀን ካልተመደብክ ነጻ እንድትደረግ የምትጠይቅ መሆንህን ጻፍ። 30 ቀን ተገቢ ነው። በመዝገብ ቤት አስገባ፣ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ያዝ። ከዚያ ወይ ምደባ፣ ወይ የነጻነት ደብዳቤ፣ ወይ ዝምታ ታገኛለህ። ዝምታ ከሆነ በወሩ ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍ፤ ሌላ ሥራ ብትጀምርም «ስትጠሩኝ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ» የሚል ይኑርበት። ሆስፒታሎች የተበላሸ መሣሪያ የሚጠግን ሰው አጥተው ባሉበት ጊዜ አንተን የመሰለ ባለሙያ ሰባት ወር መቀመጡ ያሳዝናል፤ ስለዚህ ሌላ የመንግሥት ሆስፒታል ክፍት መደብ ካለው ውልህ ወደዚያ እንዲዛወር በዚያው ደብዳቤ ጠይቅ። በዝውውር ከሄድክና ውሉ መተላለፉ በደብዳቤ ከተገለጸ አገልግሎትህ ይቆጠራል፤ በራስህ ለቅቀህ ተወዳድረህ ብትገባ ግን ያው የመንግሥት ሥራ ቢሆንም ላይቆጠር ይችላል።

ጥያቄ፦ የአገልግሎት ጊዜዬ ሳያልቅ የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ባገኝ መሄድ እችላለሁ?

መልስ፦ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ከፈቀደ። የድሮው ግዴታ አይጠፋም፤ ይቆማል፣ አዲሱም ይደመርበታል። 18 ወር ቀርቶሽ ሁለት ዓመት ተምረሽ ብትመለሺ አንድ ለሁለት በሆነ ውል 18 ሲደመር 48፣ በድምሩ 66 ወር ይሆናል። ፈቃዱን ከማመልከትሽ በፊት ጠይቂ፤ ካለፍሽ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ከቪዛው ቀን ጋር ይጋጫል።

ጥያቄ፦ ለወንድሜ ዋስ ሆኜ ስፈርም አድራሻዬ ፒያሳ ነበር። በልማት ተነሥተን አሁን ሌላ ክፍለ ከተማ ነን። ማሳወቅ አለብኝ?

መልስ፦ አዎ፣ ሁለታችሁም። የመጥሪያ ደብዳቤ የሚላከው በውሉ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው፤ ያ ቤት ዛሬ ከሌለ ደብዳቤው አይደርስዎትም፣ ክስ ቢመጣም ሳይሰሙ በሌሉበት ሊታይ ይችላል። አዲሱን ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና ስልክ ጽፈው፣ የአዲሱን መታወቂያ ቅጂ አያይዘው ለመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ያስገቡ። ወንድምዎም ለብቻው ያስገባ። ውሉ በውልና ማስረጃ የተፈረመበትን ቀንና ቁጥር ደብዳቤው ላይ ይጥቀሱ፤ ያለ እሱ ፋይሉን ማግኘት ይከብዳቸዋል።